ስለ እንጦጦ ማርያም ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ስጽፍ፣ እግረ መንገዴን የእንጦጦ ማርያምን ስም በአንድ መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ሸማኔዎቹ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የጥበብ ቀሚስ ዋጋ ነው የጠየቀኝ። የቀራችሁት ሁላችሁም ተራራ ወጥታችኋል። እሺ፣ እኔም አብሬያችሁ ልውጣ።

ለአዲስ አንባቢዎች፦ ሽሮ ሜዳ ተወልጄ፣ ሽሮ ሜዳ ያረጀሁ፣ 31 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የታሪክ ምሁር አይደለሁም፤ ቄስም አይደለሁም። «ጠበል» እና «ፀበል» ከሚሉት የትኛው ትክክል ነው ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁለት ሰዎች፣ እኔ የቄስ ትምህርት ቤት መምህሬ እንዳስጻፉኝ «ጠበል» እያልኩ እቀጥላለሁ። ውኃው እንደሆነ አንድ ነው።

«ከአዲስ አበባ ትቀድማለች የሚባለው እውነት ነው?»

እትዬ ሲስተር፣ እናቴ ከእንጦጦ ማርያም ተስላ ነው የወለደችኝ። እዚህ ሪያድ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች «የአንቺ ማርያም የንጉሥ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ለድሀ ምን አድርጋለች?» ይሉኛል። መልስ አጣለሁ። ከአዲስ አበባ ትቀድማለች የሚባለውስ እውነት ነው? ለምንድን ነው ያን ያህል ከፍ ብላ የተሠራችው? — *የስለት ልጅ፣ ከሪያድ*

ልጄ፣ ትቀድማለች። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደዚህ ሲያዞሩ፣ ከታች ያለው ሜዳ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ፍልውኃው የሚፈላበት፣ ከብት የሚሰማራበት የኦሮሞ ገበሬ አገር ነው። ንጉሡ ሜዳውን ትተው ጫፉ ላይ የሰፈሩት በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ የጦር ነገር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚመጣበትን ከሩቅ ያያል። ሌላው የአባቶች ወሬ ነው፤ የጥንቶቹ ነገሥታት፣ እነ ዐፄ ልብነ ድንግል፣ እዚያ ላይ ከተማ ነበራቸው ይባል ስለነበር፣ ምኒልክም የፈረሰውን እናድሳለን አሉ። ታቦቷ የተተከለችው በ1870ዎቹ ነው። ስምንት ማዕዘን ያለው ያ የምታውቂው ሕንፃ የዚያ ዘመን ሐሳብ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። የቀቧቸው አቡነ ማቴዎስ ናቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ዘውድ ጫኑ። ስለዚህ ጓደኞችሽ «የንጉሥ» ማለታቸው አልተሳሳቱም። የሁለቱን ዘመን ዕቃ ለማየት የፈለገ፣ ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዘውዱ በኋላ የሆነው ነው። ከተማው ጥሏት ወረደ። እንዲያውም ዘውዱ በተጫነበት ቀን የከተማው ግማሽ ልብ ታች ነበር። ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለውታል። እንጦጦ ላይ አድረሽ የምታውቂ ከሆነ ምክንያቱን መንገር አያስፈልገኝም። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ነፋሱ በር ያንኳኳል፣ ማገዶው ደግሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ አለቀ። መኳንንቱ ወረዱ፣ ሠራዊቱ ወረደ፣ ገበያው ወረደ። ቤተ ክርስቲያን ግን እንደ ድንኳን ተነቅላ አትወርድም። ታቦቷ፣ ካህናቷና ግቢው ዙሪያ የቀረው ድሀ እዚያው ቀሩ።

ጣይቱ ራሳቸው ተመልሰው መጥተዋል። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እቴጌይቱን ወደ እንጦጦ አወጧቸው፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ እዚያው ማርያም ደጅ ኖሩ። ዛሬ አጽማቸው ታች በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ከባለቤታቸው ጋር ነው። እኔ ግን ወደ ማርያም በወጣሁ ቁጥር የማስበው እነዚያን አራት ዓመታት ነው። ስም ያወጡላትን ከተማ ከላይ ሆነው፣ ጠዋት ጠዋት ጭሷን ሲያዩ።

«ለድሀ ምን አድርጋለች?» ላሉሽ፣ በእናቴ ልመልስላቸው። እናቴ ቅጠል ትሸከም ነበር። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለ ነው፤ ማገዶ ያለቀባትን ከተማ ከስደት ያዳናት እሱ ነው። ያንን እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ወደ ከተማ ሲያወርዱ የኖሩት ደግሞ ሴቶች ናቸው። እናቴ ሌሊት 10 ሰዓት ትወጣለች፤ ቅጠሏን ጠርጋ፣ አስራ፣ ከእሷ የሚበልጥ ሸክም አዝላ በማርያም አጥር በኩል ትመለሳለች። ሸክሙን መሬት ብታወርደው የሚያሸክማት ሰው የለም። ስለዚህ ቆማ ነው የምታርፈው፤ ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ፣ ሸክሙን ድንጋዩ ላይ ታስደግፈዋለች። ጎንበስ ብላ መሳለም ስለማትችል በእጇ ግንቡን ወደ ኋላ ትዳስስና ጣቷን ትስማለች። «እመቤቴ፣ ቁልቁለቱን ብቻ» ትላለች። ሸክም የሚከብደው ዳገት ላይ አይደለም፣ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ጉልበት ይከዳል። ልጅ ሆኜ አብሬያት በወጣሁበት ጊዜ፣ በር ላይ ከተቀመጡት አሮጊቶች አንዷ ከዝክር የተረፈ ዳቤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሰጠችኝ። ለማኝ ናት የሰጠችኝ፤ ይህን አልረሳም። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ማለት ለእኔ የተቀበለውም የሚሰጥበት ቦታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ ወጥቶ ምእመኑ በሰበካ ጉባኤ ቤተ ክርስቲያኑን እንዲያስተዳድር ተደረገ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የመሬት አዋጁ መጣና ነገሥታቱ የተከሏቸው አድባራት ከመሬት የሚያገኙት ገቢ ቀረ። የንጉሥ ደብር የነበረው ሁሉ ያን ጊዜ በሙዳየ ምጽዋት ሳንቲም፣ በስለት ጧፍና በሰንበቴ ዳቦ የሚኖር ሆነ። ጓደኞችሽ ይህን አያውቁም መሰለኝ።

«ኪኒኑን ልታቆም ነው ብዬ ፈራሁ»

ሲስተር፣ ታላቅ እኅቴ ኤች አይ ቪ በደሟ ከተገኘ 12 ዓመት ሆኗታል። መድኃኒቷን አንድ ቀን አጓድላ አታውቅም፤ ደህናም ናት። ባለፈው ወር ግን «እንጦጦ ማርያም ገብቼ ሁለት ሱባኤ እጠመቃለሁ» ብላ ተነሣች። መድኃኒቱን ልትጥለው ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ምን ትላለች? ልከልክላት? — *የተጨነቀች እኅት፣ ከአዳማ*

እኅቴ፣ አትከልክያት። ይልቅ ሻንጣዋን አብረሻት አዘጋጂና ኪኒኑ መግባቱን በዓይንሽ እዪ።

ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች ላልሽው መልሱ ግልጽ ነው። በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ተናግረውበታል፤ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም፣ የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ ብለዋል። ማንም «መድኃኒት የወሰደ እምነት የለውም» ቢላት፣ ከፓትርያርክ የሚበልጥ ሥልጣን ከየት እንዳገኘ ትጠይቀው።

ይህ ቃል ለምን እንዳስፈለገ ግን አንቺ ልጅ ስለነበርሽ ላታውቂ ትችያለሽ። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመት ያህል እኛ ነርሶች ለታማሚው የምንሰጠው ነገር አልነበረንም። የተቅማጡን፣ የሳሉን፣ የአፍ ቁስሉን እናክማለን፤ ሥሩን የሚነካ መድኃኒት ለሀብታም ካልሆነ የለም። ቤተሰብ ደግሞ ዕቃ ይለያል። ኩባያ ለብቻ፣ ሳህን ለብቻ፣ በመጨረሻም ክፍል ለብቻ። ከዚያ ሰዉ ምን ያድርግ? ወጣ። ከአዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደቡብ በአውቶቡስ መጥቶ እንጦጦ ወጣ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በማርያም ዙሪያ ከገበሬዎቹ የጭቃ ክፍል እየተከራየ ሰፈረ። አሥር ካሬ በማትሞላ ክፍል አራትና አምስት ሰው፤ አንዱ ያስላል፣ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ሽሮ ይሠራል።

ያ ሰፈር በአገሪቱ ውስጥ «ምን ሆነሽ መጣሽ?» ተብሎ የማይጠየቅበት ቦታ ነበር። ሁሉም ያው ነዋ። አከራዮቹ ከታማሚ ጋር በአንድ መሶብ በሉ። የሚሞት ሰው ዘመድ ከሌለው አብሮት የተከራየው ገነዘው። የእኛ ዕድር ታች ሽሮ ሜዳ ሆኖ፣ አባል ላልሆነ ሰው ከፈን ይገዛ ወይስ አይግዛ ብሎ ሁለት ስብሰባ ተጨቃጭቋል። በመጨረሻ ገዛ። ይህን የሚጽፍልሽ የታሪክ መጽሐፍ የለም።

በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ጀመረ። ሰዉ «ዕድሜ ማራዘሚያ» ይለዋል። እኛ ጤና ባለሙያዎች ነገሩ ያለቀለት መስሎን ነበር። አላለቀም። በየጠበሉ ቦታ «በሁለት ልብ አትምጡ፣ ኪኒኑን ጥላችሁ ኑ» የሚሉ አጥማቂዎች ነበሩ። እኛ ደግሞ ከነጭ ጋዋናችን በስተጀርባ ሆነን የባሰውን ሠራን። የራሴን ልንገርሽ።

እሠራበት በነበረ ቦታ (ስሙ ይቅር) አንዲት ልጅ ሁለት ወር ጠፍታ መጣች። ጠዋት ነው፤ ሹሩባዋ ገና አልደረቀም፣ አንገቷ ላይ መቁጠሪያ አለ። «የት ነበርሽ?» አልኳት። «ጠበል ገብቼ» አለች። «እንግዲያው ጠበልሽ ያድንሽ እንጂ እኛ ጋ ምን ትሠሪያለሽ!» አልኳት፤ ጮክ ብዬ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ። ምንም አልመለሰችም። ካርዷን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፣ ወጣች። በቀጠሮዋ ቀን ጠበቅኋት። በሚቀጥለውም ጠበቅኋት።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ቅዳሴ ለማስቀደስ የምሄድ አስመስዬ እሷን ፍለጋ ወጣሁ። አላገኘኋትም። አንዲት የማውቃት ሴት ግን «እዚህ ቤት ጠይቂ» ብላ ወደ አንድ ክፍል አስገባችኝ። አራት ፍራሽ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከሥሩ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ነርስ መሆኔን ስነግራቸው ሁሉም ዝም አሉ። ቆይታ አንዷ ተነሥታ ከእምነት ከረጢቷ ውስጥ (ከጠበሉ ቦታ የሚሰጠውን አመድ እምነት እንላለን፣ ለማታውቁ) የኪኒን ብልቃጥ አወጣችልኝ። ነቀነቀችው፤ ድምፅ የለውም። ባዶ መስሎኝ ነበር። ክዳኑን ከፈተችው፤ ኪኒኖቹ ላይ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች፣ ስትራመድ እንዳይንኳኳና ሌሎቹ እንዳይሰሙ። «ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው የምውጠው» አለች። ያን ጊዜ ሁለተኛዋ ሳቀች። ከፍራሿ ሥር የራሷን አወጣች፤ እሷም ጥጥ አለበት። ሦስተኛዋም አላት። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሴቶች ለወራት አንዷ ከሌላዋ ተደብቀው አንድ ዓይነት መድኃኒት ሲውጡ ኖረዋል። አራተኛዋ አልነበራትም። እሷ ጥላው ነበር የመጣችው።

የፓትርያርኩ ቃል ሲሰማ በዚያ ክፍል ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምክንያቱም መመላለስ አልተውኩም። ጥጡ ወጣ። ኪኒኑ ሥዕሉ ሥር ከጀሪካኑ ጎን ተቀመጠ። የሞባይል ደወል ሲጮህ አንዷ «ሰዓቱ ደርሷል» ትላለች፤ እያንዳንዷ ከሃይላንዷ ጠበል ትጎነጫለች፣ አማትባ ትውጣለች። አራተኛዋም ታች ወርዳ እንደገና ጀመረች። ያቺ እኔ የጮኽኩባት ልጅ ግን ከየትም አልተገኘችም።

አሁን ወደ እኅትሽ ልመለስ። መድኃኒቱ ቫይረሱን ይጨቁነዋል እንጂ ከሰውነት ነቅሎ አያወጣውም። በደንብ የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ይደርሳል፤ በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በግብረ ሥጋ ለሌላ አያስተላልፍም። ካቋረጠች ግን ቫይረሱ ተመልሶ ይራባል፤ ወሰድ ተው ካደረገችም መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል፤ ያን ጊዜ የቀድሞው ኪኒን አይሠራላትም። «የማይታይ» የሚል ውጤት ይዛ «ድኛለሁ» ብላ ያቆመች ሴት አውቃለሁ። ስለ ተአምር ከማንም ጋር አልከራከርም፤ እኔም የስለት ጧፍ አብሪያለሁ። ተፈወስኩ የምትል ከሆነ ግን ኪኒኑን እየዋጠች ሐኪሟን ታማክር፤ እመቤታችን በላቦራቶሪ አትቀየምም።

ስትሄድ እንዲህ አድርጉ። ለሱባኤው የሚበቃ መድኃኒት ከነተጨማሪው ትያዝ፣ የቀጠሮ ካርዷንም አትርሳ። ጠበሉ በባዶ ሆድ ነው፤ አብዝተው የሚጠጡ ሰዎች ያስታውካቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋልም፤ ስለዚህ በቀን አንዴ የምትወስደው ከሆነ ሐኪሟን ጠይቃ ሰዓቱን ወደ ማታ ታድርገው። የምትከራየው ክፍል ውስጥ ለሳምንታት የሚያስል ሰው ካለ ሌላ ክፍል ትፈልግ፤ ሳንባ ነቀርሳ በጠባብ ቤት ይጋባል፣ የሚያስለውንም ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ለንስሐ አባቷም ነገሩን ትንገራቸው። አብዛኞቹ ዛሬ «ልጄ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ብለው የሚጠይቁት እነሱ ናቸው።

«ጥላ ልላክ ወይስ ምንጣፍ?»

ይድረስ ለተከበሩ እኅታችን። የአባቴ ሙት ዓመት ደርሷል። እሳቸው በሕይወት ሳሉ እንጦጦ ማርያምን ይሳለሙ ነበር። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተን ወርቅ ዘቦ ጥላ ወይም ምንጣፍ ልንልክ አስበናል። የትኛው ይሻላል? — *ከወንድሞቹ ጋር፣ ከሜሪላንድ*

ነፍሳቸውን ይማር። ወንድሜ፣ ከሁለቱ ምረጪ ካልከኝ ምንጣፍ፤ የማርያም ወለል ይቀዘቅዛል። ጥላውን ግን ተወው። ጥላ ሁሉም ይልካል፤ ለታቦት ክብር ነውና አይጠላም፣ ግን አንዱ ሳያረጅ ሌላው ይመጣል።

የኔን ምክር ከፈለግህ ግማሹን ለቤተ ክርስቲያኑ በሰበካ ጉባኤው በኩል ስጡ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ደረሰኝ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ደረሰኝ ሲጠየቁ የሚቆጡ ሰዎች ካጋጠሟችሁ ገንዘቡን መልሳችሁ ኪስ ክተቱ። ሌላውን ግማሽ ለጠበልተኛው አውሉት። የሚያስፈልገው የማያምር ነገር ነው፦ የወር ኪራይ፣ መድኃኒት ለማምጣት ወርዶ የሚመለስበት የታክሲ ሒሳብ፣ ብርድ ልብስ። ከሩቅ አገር መጥተው ቁራሽ ለምነው የሚማሩ የአብነት ተማሪዎችም አሉ፤ ለእነሱ ጫማ።

ምግብ ማብላት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከእኛ ስሕተት ተማሩ። የእኛ ማኅበር መጀመሪያ የወጣ ቀን አንድ ትልቅ ድስት ንፍሮ ቀቅለን፣ ተከምረን በታክሲ ሄድን። ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው አምሮበታል። ሰዎቹ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ መረቁን፣ አቅፈውት ተቀመጡ። አይበሉም። አንዲት ልጅ አንዷን ሽምብራ አፏ ውስጥ ይዛ እያገላበጠች እንባዋ ሲወርድ አየሁ። አፋቸው ቁስል ነው፤ ምላሳቸው ነጭ ሆኖ ተልጧል። ነርስ ነኝ እኮ፤ ይህ እንዴት ጠፋኝ? በሚቀጥለው የማርያም ቀን፣ በ21፣ አጥሚት ይዘን ወጣን፤ ከአጃና ከገብስ፣ ቅቤ ጣል የተደረገበት፣ በሦስት ትልልቅ ፔርሙዝ። የጾም ቀን ሲሆን ያለ ቅቤ። ከጠበሉ ወጥተው እየተንቀጠቀጡ ጽዋውን በሁለት እጅ ይዘው ሲጠጡ፣ ገና ከመቅመሳቸው በፊት በሙቀቱ ፊታቸው ይፈታል። ከዚያ ወዲህ ንፍሮ ወስደን አናውቅም። ዛሬ መድኃኒቱ ስላለ እንደዚያ አፉ የቆሰለ ሰው እምብዛም አይታይም፤ አጥሚቱ ግን ልማድ ሆኖ ቀጥሏል፤ ሌላ ነገር ልቀይር ብል ሰዉ ይቆጣኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አንዳንዶቻችሁ ላይወዱት ይችላሉ። እንጦጦ ላይ ለጠበል መጥተው የቀሩ ሴቶች የጥይት ቀለሃ አቅልጠው ዶቃና ጌጥ እየሠሩ ልጅ ያሳደጉበት ሥራ አለ። ያንን የጀመሩት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አይደሉም፤ ፕሮቴስታንት ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። ሴቶቹን ያመጣቻቸው ማርያም ናት፣ ሥራ የሰጧቸው እነሱ። ከዚያ ግቢ የተገዛ የአንገት ሐብል አለኝ፤ ለቅዳሴ አድርጌው እሄዳለሁ።

«አንድ ጠዋት ብቻ ነው ያለኝ»

እናቴ፣ ለስብሰባ ከሐዋሳ እመጣለሁ፤ ነጻ የምሆነው አንድ ጠዋት ነው። በምን ልሂድ? ምን ልልበስ? ጠበሉን ለቤተሰብ ይዤ መመለስስ እችላለሁ? — *ተሳላሚ፣ ከሐዋሳ*

ከስድስት ኪሎ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዢ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ የእንጦጦ ታክሲ አለ። ለጠበሉ ከሆነ ሳይነጋ፣ እህል ውኃ ሳትቀምሺ ነው፤ ለመሳለምና ሙዚየሙን ለማየት ከሆነ ረፈድ ብለሽ መምጣት ትችያለሽ። ቀሚስና ነጠላ፣ ከሥር ወፍራም ሹራብ፤ የሐዋሳ ሰው ብርዱን አትናቂው። ጫማሽን ከማውለቅሽ በፊት ወፍራም ካልሲ አድርጊ። የሴቶች መግቢያ በደቡብ በኩል ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሆነ በ2013 ዓ.ም. ወደተከፈተው ፓርክ የሚወጣው መኪና መንገዱን ስለሚሞላው ለመመለሻሽ ጊዜ ጨምሪ።

ጠበሉን መውሰድ ይቻላል። በሩ ላይ ልጆች 20 ሊትር ጀሪካን ሊሸጡልሽ ይለምኑሻል፣ አሳዝነውሽ ትገዣለሽ። አትግዢ። ሁለት ሃይላንድ ከቤትሽ ይዘሽ ነይ፤ ቁልቁለቱን የምትወርጂው አንቺ ነሽ።